እንቆቆ የጠጡ ሽማግሌዎች

በሸጠው ዕቃ የተከሰሰ ነጋዴ አይቻለሁ። በሸጠው ዕቃ የተደበደበም አውቃለሁ። በሸጠው ዕቃ የተነሣ የሚያገባትን ሴት ያጣ ግን ከእኔ በቀር አልሰማሁም። ካለ ይምጣና አንድ ላይ እንቀመጥ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ መጨረሻው ግድም። መጨረሻው መሆኑን ያኔ አላወቅንም። እኔ አያሌው እባላለሁ፣ የሞጣ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው፤ የቀረውን ትምህርት ገበያ አስተማረኝ፣ ያውም እየገረፈ። በሁለት በቅሎ ከሞጣ ቢቸና እየተመላለስሁ ጨው፣ በርበሬ፣ ክር፣ ክብሪትና እንቆቆ እሸጥ ነበር።

ኪኒን እየዋጡ ያደጉ ልጆች ስለማያውቁት እንቆቆን ልንገራቸው። ሐረግ ነው። ትልቅ ዛፍ ይፈልግና ይጠመጠምበታል፤ ከዚያ በሰው ግንድ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። በዚህ ጠባዩ ብዙ የማውቃቸውን ሰዎች ይመስለኛል። ፍሬው ደቃቃና ቀይ ነው፤ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ጥሬ ሥጋ ወዳድ ሰው ሆድ ውስጥ የከረመውን የኮሶ ትል ጠራርጎ ያወጣል። ጎጃም ጥሬ ሥጋ መብላት እስካልተወ ድረስ እኔ አልራብም ብዬ ተማምኜ ነበር።

ቢቸና ዳር ላይ ባላምባራስ ውበቱ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ትሁኔ የእሳቸው ልጅ ናት። ከእሷ ጋር የተነጋገርነው በጠቅላላው «ቀይ ክር አለህ?» «አለኝ» ነው። እኔ ግን በዚያች ንግግር ላይ ቤት ሠርቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ የመጀመሪያውን ልጅ ስምም አውጥቼ ጨርሻለሁ።

ሰው ልኬ ሐሳቤን ባሳውቃቸው ባላምባራስ አስጠሩኝ።

«አንተ ነህ የሞጣው ነጋዴ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ስማ። ሰኞ ሽማግሌህን ላክ። የደጀኑ ባለ ሆቴልም ልጄን ጠይቋል፤ የእሱ ሽማግሌዎች ማክሰኞ ይመጣሉ። የአንተን ሰኞ እሰማለሁ፤ ከወደድሁት ማክሰኞ የሚመጡትን አብልቼ እሸኛቸዋለሁ። ሰኞ ካልመጡልህ ግን ለደጀኖቹ እሺ ብዬ እጨርሳለሁ። በሴት ልጄ ጉዳይ በሬ ላይ ሰው ሲመላለስ እንዲከርም አልፈልግም።»

«ይመጣሉ ጌታዬ! ሰኞ ጧት!»

«ጧት አትበል። ሰኞ በል።»

ሰኞ አልሁ።

ሽማግሌ መምረጥ በቅሎ ከመምረጥ ይከብዳል፤ በቅሎዋን ቢያንስ ጥርሷን ታያለህ። እኔ እዚያው ቢቸና ሦስት አገኘሁ። የቅኔው መምህር መሪጌታ አድማሱ፣ ምርቃታቸው ድንጋይ የሚያለሰልስ። አቶ ይሁኔ፣ በሰው ክስ ቆመው የማይረቱ ተሟጋች። ሦስተኛው አብረውኝ ከሞጣ የሚነግዱት ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ዝም ብለው ሲቀመጡ እንኳ ሰው ያፍራቸዋል። ሦስቱም እሺ አሉኝ። ያን ቀን ከእኔ የበለጠ ብልህ ሰው ከዓባይ ወዲህ ያለ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ቢቸና ገበያ ወጣሁ። አዲስ የደረቀ እንቆቆ በሙሉ ጆንያ አምጥቻለሁ። ደስታው ምላሴን ፈትቶታል።

«እንቆቆ! የዘንድሮ ፍሬ! ኮሶማ አልጋ ላይ ይጥላል፣ ያንገሸግሻል! ይኼ ግን ጎህ ሲቀድ ጠጥተህ ረፋድ ላይ ከሰው ጋር ተቀምጠህ ትጫወታለህ! ሚስትህ እንኳ መጠጣትህን አታውቅም!»

እንዲህ እያልሁ ሳለ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ፊቴ ቆመ። ሚስተር ሻርማ ነው፤ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው ህንዳዊ። ጥቂት ፍሬ ከጆንያው ዘገነ፣ አሸተተ፣ አንዷን በጥርሱ ሰበራት። ፊቱ ላይ የናፈቀውን ዘመዱን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው መልክ አየሁ።

«ይህ ሐረግ ነው አይደለም? ዛፍ ላይ የሚወጣ?»

«ሐረግ ነው ሚስተር።»

«በእኛ ሀገር አለ። ይህ ራሱ ባይሆን ወንድሙ አለ። ቪዳንጋ እንለዋለን። አያቴ ግቢ ውስጥ ነበር። የጥንት ሐኪሞቻችን ለሆድ ትል ይሰጡታል።» የዚያን የጥንት ሕክምና ስምም ነገረኝ፤ አዩርቬዳ አለኝ።

«እናንተም ጥሬ ሥጋ ትበላላችሁ?»

«እኔ ምንም ዓይነት ሥጋ አልበላም።»

«ታዲያ ትሉ ከየት መጥቶብህ ነው?»

ሣቀ። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ፣ «በሚዛን ነው የሚሰጡት። ሲበዛ ጥሩ አይደለም» አለኝ።

እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። ከተናገረው ውስጥ የሚሸጠውን ወስጄ የማይሸጠውን ለእሱ ተውሁለት። ወደ ሕዝቡ ዞርሁና፣ «ሰማችሁ! የህንድ ሐኪም መሰከረ! ህንድ ድረስ የታወቀ እንቆቆ!» ብዬ ጮኽሁ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሒሳብ ነው የማስተምረው» አለ ሚስተር ሻርማ።

ማን ይስማው። ጆንያው ከሰዓት በፊት ባዶ ሆነ። ከመጨረሻው ላይ ለሦስቱ ሽማግሌዎቼ በስጦታ አስቀረሁ፤ እሑድ በየቤታቸው እየዞርሁ ሰጠኋቸው።

«ተባረክ» አሉኝ መሪጌታ፣ ፍሬውን እያሸተቱ። «ደግ አደረግህ። መቼም ሰኞ ባላምባራስ ቤት ፍሪዳ አይጠፋም። ሆድ ንጹሕ ሆኖ ሲሄዱ ነው።»

«እንዴታ የኔታ!» አልሁ። ደስ ብሎኝ ተሰናበትኋቸው። መቼ ሊጠጡት እንዳሰቡ መጠየቅ አልመጣልኝም። አንባቢዬ፣ ለአንተ መጥቶልሃል፤ አውቃለሁ። አንተ ግን ያኔ አልነበርህም።

ሰኞ በጧቱ አዲስ ጋቢ ለብሼ መሪጌታ ደጅ ደረስሁ። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርቄ በሩን ገርበብ አድርገው በደረታቸው ዘጉት።

«መሪጌታ ተዘጋጁ?»

«መድኃኒት ላይ ናቸው።»

«ምን መድኃኒት?»

«ምን መድኃኒት ይለኛል! ያመጣኸውን ነዋ!»

እዚህ ላይ ልማዱን ልናገር። በእኛ አገር የትል መድኃኒት የጠጣ ሰው ለዚያ ቀን ከዓለም የወጣ ሰው ነው። ፀሐይ አይመታውም፣ ከውጭ የመጣ ሰው ጥላ አያርፍበትም፣ ዳኛ አይጠራውም። «መድኃኒት ላይ ነው» ከተባለ በሩን የሚያልፍ የለም። ያ ሁሉ ሲሆን ደግሞ በሰንበት አይጠጣም። እንግዲህ ቅዳሜ ገዝተው፣ እሑድን አክብረው፣ ፍሪዳው ሳይደርስ ሊጠጡት የሚችሉበት ቀን የትኛው ነው?

«የኔታ!» ብዬ በአጥር ጮኽሁ። «ዛሬ እኮ ነው ቀኑ!»

ከጓሮ ሥሙር የነበረው ድምፃቸው ተሰባብሮ መጣ። «ረፋድ... ላይ... ይለቃል... አላልህም?»

«ብዬ ነበር!»

«ቀላል ነው ስላልህ... እጥፍ አድርጌ...» ቀጥሎ የመጣው ንግግር አልነበረም።

ወደ አቶ ይሁኔ ሮጥሁ። በራቸው ተዘግቷል። የዚያ የማይረታ ተሟጋች ድምፅ ከውስጥ፣ «ሂድ! ሂድ ከበሬ! አንተን ሳልከስ ብቀር!» አለኝ። ሐጂ ሰይድ ያረፉበት ቤት ስደርስ ባለቤቲቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ሐጂ የሰውን ነገር ያምናሉ፤ ያ ነው ጥፋታቸው።

ሌላ ሽማግሌ ልፈልግ ብዬ ከተማውን ዞርሁ። ጸሐፊው መድኃኒት ላይ ነው። ልብስ ሰፊው መድኃኒት ላይ ነው። ጠጅ ቤቱ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ መድኃኒት ላይ ነው፣ ደንበኞቹም እንዲሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቅዳሜ ሸጬ አላውቅም፤ እንደዚያ ሰኞ ደግሞ የሸጥሁት ሁሉ ዞሮ በር ሲዘጋብኝ አላየሁም። ቢቸና በሙሉ በእኔ እንቆቆ ተጠርጋ ተኝታለች። የሚያነክስ አንድ ውሻ ብቻ አብሮኝ ይዞር ነበር፤ ስሙን ባውቀው እሱኑ በላክሁት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ጥቁር ጃንጥላ አየሁ።

ሥጋ የማይበላ! ትል የሌለበት! በዚያ ከተማ በእግሩ የቆመ ብቸኛ ትልቅ ሰው!

«ሚስተር! ሽማግሌ ትሆነኛለህ?»

«ሽማግሌ? ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።»

መንገድ ላይ እየጎተትሁ አስረዳሁት። የሚለውንም አስጠናሁት፤ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» እንዲል። ሦስት ጊዜ ደገመው፣ ከእኔ አሳምሮ ይዞታል። ልማዱ ጠያቂው ራቅ ብሎ እንዲጠብቅ ነው፤ እኔ ግን ሽማግሌዬ መንገድ እንዳይጠፋው አጥሩ ድረስ ተከተልሁት።

ባላምባራስ በር ላይ ደረስን። አንኳኳሁ። ትሁኔ ራሷ ወጣች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጥሏል፣ ፊቷ ገርጥቷል።

«አባትሽ አሉ? ሽማግሌ ይዤ መጥቻለሁ።»

«አባዬ መድኃኒት ላይ ነው።»

እመኑኝ፣ ሣቅሁ። የማደርገው ጠፍቶኝ ሣቅሁ።

«የሚያስቅ ነገር አለው?» አለችኝ። «ሽማግሌ ሳይመጣ ይለቀኛል ብሎ ጠጣ። ከጧት ጀምሮ አልቆመለትም። አክስቴ አጠገቡ ናት። ሠራተኞቹ እርሻ ወርደዋል።»

ሚስተር ሻርማ ጃንጥላውን አጠፈ። «ምን ያህል ጠጡ?» አላት። ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ አፍይና ጨው ጣል አድርጊ፣ ስኳር ካለም ጨምሪ። በትንሽ በትንሹ አጠጪያቸው። ቀጭን አጥሚት ሥሪላቸው። ሌላ መድኃኒት እንዳትሰጪ።»

ሮጣ ገባች። እኛ ከአጥሩ ውጭ ቀረን፤ ጥላችን እንዳያርፍባቸው። ተመልሳ ወጣች፣ ገባች፣ እንደገና ወጣች። ከሰዓት በኋላ፣ «እንቅልፍ ወሰደው፤ ቆሞለታል» ብላ መጥታ አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

ይህች ናት ሕይወቴን የቀየረችው ሰዓት። በዚያ ቤት ትሁኔን ከሰው ጋር እንዳታወራ የሚጠብቅ ማንም አልቆመም፤ ሁሉን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። እንደዚህ ያለ ዕድል ዳግም አይገኝም ብዬ ጀመርሁ። ስለ ሞጣው ቤቴ የቆርቆሮ ክዳን አወራሁ። ስለ በቅሎዎቼ አካሄድ አወራሁ። ላም ልገዛ ማሰቤን አወራሁ።

ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እንዲህ እንደሚጥል ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«እቴ፣ ጥራቱ ነው!» አልኋት። «የሞጣ እንቆቆ እኮ እንደ ሌላው አይደለም፤ አዲስ ፍሬ ስለሆነ ኃይሉ...»

እስክጨርስ አልጠበቀችም። ወደ ሚስተር ሻርማ ዞረች።

«በአገርህ ሴት ትማራለች?»

«ትማራለች። እህቴ መምህር ናት።»

«አግብታለች?»

«ኋላ ነው ያገባችው። መጀመሪያ ተማረች።»

«አባቷ አልተቆጣም?»

«በጣም ተቆጣ» አለ ሚስተር፣ ፈገግ ብሎ። «አሁን ግን ለሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። ስለ እኔ አያወራም።»

እንዲህ እየተባባሉ ፀሐይ ዘቀዘቀች። እኔ መሐል ላይ እንደ አጥሩ ቆሜያለሁ። ሽማግሌዬን ያመጣሁት ለእኔ እንዲናገር ነበር፤ ያስጠናሁትን አንድም ቃል አልተናገረም፤ የሚነግራቸው ሰው ተኝተዋልና።

ስንሄድ፣ «መምጣታችንን ለአባትሽ ንገሪልኝ» አልኋት።

«ደህና ግቡ» አለችኝ።

ማክሰኞ ገና በጧቱ የደጀኖቹ ሽማግሌዎች በጭነት መኪና ደረሱ። ከእኔ ገዝተው ስለማያውቁ ሁሉም ጉንጫቸው የሞላ ነው። የእኔዎቹ ደግሞ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ በዱላ እየተደገፉ መጡ፤ መምጣታቸው ራሱ ወዳጅነት ነው። ባላምባራስ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ክርክሩ ወዲያው ተነሣ፤ እኔም ተከራካሪ ነህና ግባ ተባልሁ።

«የእሱ ቀን ሰኞ ነበር፣ አለፈ» አለ የደጀኑ ሽማግሌ። «ዛሬ የእኛ ነው።»

አቶ ይሁኔ ግድግዳ ይዘው ተነሡ። «መድኃኒት ላይ የዋለ ሰው ቀን አይቆጠርበትም! ባላምባራስ ትናንት መድኃኒት ላይ ነበሩ። ስለዚህ የእኛ ሰኞ ገና አልመጣም!»

«ያስጠጣቸው ማን ሆነና ነው?»

«መሸጥ ሌላ፣ ማስጠጣት ሌላ!»

ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ። «በቃ። ነገሩ ቀላል ነው። እኔ ብተኛም በሬ አልተኛም። ትናንት ሽማግሌው በሬ ድረስ ከመጣ ቀኑን አክብሯል፤ እሰማዋለሁ። ካልመጣ አላከበረም። አያሌው፣ ልከሃል?»

«ልኬያለሁ ጌታዬ። ሚስተር ሻርማን።»

የደጀኖቹ ሣቁ። ባላምባራስ አልሣቁም። «በር ላይ ማን ነበር? ትሁኔ!»

መጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«ትናንት ሽማግሌ መጥቷል?»

የጠበቅሁት አንድ ቃል ብቻ። እውነት የሆነች አንድ ቃል።

«ማንም አልመጣም» አለች።

ሐጂ ሰይድ በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ተናገር እንጂ! መጣሁ አላልኸኝም?» መሪጌታም፣ «ያን ህንዳዊ ከትምህርት ቤት እናስጠራው፤ እሱ አይዋሽም» አሉ።

አይዋሽም። ችግሩም እሱ ነበር። ቢጠራ ሁሉን ይናገራል፤ መምጣታችንን፣ እሷም አጥር ተደግፋ ከሁለት ወንድ ጋር እስከ ማታ ማውራቷን። አባቷ ፊት፣ የሁለት አገር ሽማግሌ ፊት። ቀና ብላ አየችኝ። የለመነችኝ አይመስለኝም፤ ምን እንደማደርግ ልታይ ነው።

ገበያ ላይ አፌን የሚዘጋ ሰው ተወልዶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ራሴ ዘጋሁት።

«ተዉት የኔታ» አልሁ። «አልመጣንም።»

ወጣሁ። አቶ ይሁኔ እስከ ሞቱ ድረስ ለዚያ ሙግት ይቅር አላሉኝም።

ባላምባራስ ለደጀኖቹ እሺ አሉ፤ ሠርጉ ከመኸር በኋላ ተባለ። መኸር ሳይደርስ ትሁኔ አክስቷን አስከትላ ደብረ ማርቆስ ገባች፤ ትምህርት ቤት ተመዘገበች ተባለ። ባላምባራስ ተቆጡ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። ኋላ ግን ለሰው ሁሉ የሚያወሩት ስለ እሷ ሆነ። ሚስተር ሻርማ ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገባ፤ ለማን ሽማግሌ ሆኖ እንደነበር ሳያውቅ የሄደ ይመስለኛል።

ምን ቀየረብህ ትሉኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ጮኼ አልሸጥሁም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ የጠየቀኝን ሰው መጠኑን ነግሬ፣ «ቀኑን ሙሉ ይጥልሃል፣ ቀጠሮ እንዳይኖርህ» እለዋለሁ። ገዢዎች ግን ዝምታዬን ከዕቃው ጥራት ቆጥረው ይበልጥ ይገዙኝ ጀመር። ንስሐው እንኳ በወጉ አልተሳካልኝም።

ከዓመታት በኋላ ሞጣ ጤና ጣቢያ ሆዴን አሞኝ ሄድሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ነርስ ስሜን ጠርታ ቀና አለች፤ ትሁኔ ናት። ኪኒን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ይህን ውጠህ ሥራህ ሂድ» አለችኝ። «ይኼኛው አያስተኛም።»

ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። ቢሆንም ጠየቅኋት። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የከረመውን ትል የትኛውም እንቆቆ አላወጣውም ነበር።

«ያን ቀን ለምን ማንም አልመጣም አልሽ?»

«ሚስተርማ መጥቶ ነበር። እሱን መካዴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል» አለች። «አንተ ግን ገና ገበያህ ላይ ነበርህ።» ከዚያ ወደ ኋላዬ ተመልክታ፣ «ቀጥሎ!» ብላ ጠራች።

ኪኒኑን ይዤ ወጣሁ። አንባቢዎቼ፣ እናንተ ፍረዱኝ። አዲስ ጋቢ ለብሼ፣ ከተማ ሙሉ በር አንኳኩቼ፣ ህንዳዊ ጎትቼ፣ ፀሐይ ላይ ስገተር ውዬ ነበር። እኔ በበኩሌ መጥቻለሁ።